ስለ ገላ መታጠቢያ ውኃና ስለ መዓዛው

በጉለሌ የሚኖር ሰው ብርድን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ከእንጦጦ ተራራ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ በሐምሌና በነሐሴ ከዝናም ጋር፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ከውርጭ ጋር ይመጣና በመስኮት ስንጥቅ ገብቶ ከጀርባ ላይ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ሲጽፍ የዋለ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ትከሻው ተኰማትሮ፥ እግሩም እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነው። ለእንዲህ ያለው ድካም ሞቅ ካለ ውኃ የሚሻል ነገር ያለ አይመስለኝም። ይህን የተረዱ ነጋዴዎችም የመታጠቢያ ጨው፥ የመታጠቢያ ዘይት፥ አረፋ የሚያወጣ ፈሳሽ ሳሙና፥ ውኃ ሲነካው የሚፈላ ባለ ቀለም ክብ እያሉ በያይነቱ ጠርሙስና ካርቶን በየሱቁ ደርድረዋል። ዋጋቸው ቀላል አይደለም፤ በላያቸው የተጻፈው ተስፋም ከዋጋቸው ይበልጣል። ከእነዚህ የትኛው እንደሚጠቅም፥ የትኛውስ ገንዘብን ብቻ እንደሚያጠፋ፥ በቤታችን ጓሮ የበቀለውስ ቅጠል ምን ያህል እንደሚያገለግል ለመግለጽ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ነገር ግን ከሽቶው አልጀምርም። ሽቶ የመጨረሻው ነገር ነው፤ ውኃው ካልተመጠነና ክፍሉ አየር ከሌለው የዓለም ሽቶ ሁሉ ቢፈስበት ዕረፍት አይሆንም። እንዲያውም አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህንም በራሴ ደርሶ ስላየሁት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

በሞቀ ውኃ ገላን ማሳረፍ ለከተማችን እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ከመታጠቢያ የተወለደች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸው ከበላያችን በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበረ። ብርዱና ነፋሱ የጸና ስለ ሆነ ቤተ መንግሥቱ ወደ ፊንፊኔ ፍል ውኃ እየወረደ ይታጠብ ነበር። በ1879 ዓ.ም. በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት እንዲሠራ አደረጉና ስፍራው አዲስ አበባ ተባለ። መኳንንቱም በየፊናቸው ቦታ እየተመሩ ቤት ሠሩ፤ ቀስ በቀስም ከተማው ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደ። እነዚያ ታላላቅ ሰዎች ወደ ውኃው የወረዱት ሽቶ ፍለጋ አይደለም፤ ሙቀት ፍለጋ ነው። ይህን ነገር ልብ ማለት ይገባል።

አሁን ወደ ቤታችን ባኞ እንመለስ። የሰው ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ለዕረፍት የሚሆነው ውኃ ከዚህ ጥቂት ከፍ ብሎ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። በጣም ሲሞቅ ይበልጥ ያሳርፋል የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው፤ ውኃው ሲበዛበት ልብ ይደልቃል፥ ቆዳ ይደርቃል፥ ሰውም ሲነሣ ራሱ ይዞራል። ቦይለር ያለው ሰው መቀላቀሉ ይቀለዋል። ቦይለር የሌለው ወይም መብራት የጠፋበት ሰው ግን በድስት አፍልቶ ሊያደርገው ይችላል። የጉለሌ መሬት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ስላለው ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የቧንቧችን ውኃ ደግሞ በክረምት ወደ 15 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ 1 እጅ የፈላ ውኃ ከ2 እጅ ቀዝቃዛ ጋር ቢቀላቀል 40 ዲግሪ ገደማ ይወጣዋል። ይህን ሒሳብ በቴርሞሜትር ሞክሬ ብዙም ሳይርቅ አግኝቼዋለሁ። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በመዳፉ አይለካ፤ መዳፍ ሥራ የለመደ ስለ ሆነ ያታልላል። በክርን ይለካ። ምን ጊዜም ቀዝቃዛው ይቅደም፥ የፈላው ይከተል፤ የፈላው ቀድሞ ገብቶ ሳለ ሕፃን ልጅ በባኞው ጠርዝ ላይ ቢንጠላጠል ምን እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም።

ስለ ጊዜውም የሚባል ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚታጠበው ሊተኛ ሲል፥ ወዲያው ከመኝታው አስቀድሞ ነው። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን የሚገኙ ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ የተጻፉትን ብዙ ጥናቶች ሰብስበው መርምረው ነበር። እንዳሉትም ከመኝታ በፊት ከ1 እስከ 2 ሰዓት አስቀድሞ፥ ለ10 ደቂቃ እንኳ ቢሆን፥ በሞቀ ውኃ የታጠበ ሰው እንቅልፍ የሚወስደው በአማካይ ወደ 10 ደቂቃ ፈጥኖ ነው። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፥ የሞቀ ውኃ ደምን ወደ እጅና ወደ እግር ይስባል፤ በዚያም በኩል የውስጡ ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሰውነትም ውስጡ ቀዝቀዝ ሲል እንቅልፍን ይጠራል ይላሉ። እንግዲህ ማታ በ3 ሰዓት የሚተኛ ሰው በ1 ሰዓት ተኩል ቢታጠብ መልካም ነው። በውኃው ውስጥም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

አሁን የራሴን ነገር ልናገር። ካቻምና በነሐሴ ወር ዝናም ሲዘንብ ውሎ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ባለቤቴ ውኃውን በከሰል አፍልታ ባኞውን ካዘጋጀችልኝ በኋላ ክፍሉ እንዲሞቅ ብላ ማንደጃውን ከነፍሙ ከባኞው አጠገብ አስቀመጠችው። በፍሙ ላይ ዕጣን ጨመረችበት። ነፋስ እንዳይገባም በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወተፈችው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ለእኔ አስባ ነው፤ በብዙ ቤትም እንዲሁ እንደሚደረግ አውቃለሁ። ውኃው ጥሩ ነበር፥ መዓዛውም እንደ ቤተ መቅደስ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰሌን በገመድ እንደ ታሰረ ያህል ከበደኝ። ድካም ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ። በሚቀጥለው ክፍል የነበሩት እናቴ አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ተጣርተው ኖሮ የመለስሁላቸው ቃል እንደ ሰካራም ቃል ሆነባቸው።

«አንተ ልጅ፥ ተኛህ እንዴ?» ብለው በሩን ገፉት። ጨርቁ ይዞት ነበረና በትከሻቸው ደገሙት። ልነሣ ብል ጉልበቴ አልታዘዘኝም። ባለቤቴና እርሳቸው ሆነው አውጥተው በረንዳ ላይ አስተኙኝና ጋቢ ጣሉብኝ። በዝናሙ ነፋስ ውስጥ አስመለሰኝ። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት ተወስጄ ለብዙ ሰዓት ኦክስጅን እንድተነፍስ ተደረገ። ሐኪሙ እናቴን፥ «እማማ፥ ሩብ ሰዓት ቢዘገዩ ኖሮ ልጅዎን አያገኙትም ነበር» አላቸው። እርሳቸው ግን እስከ ዛሬ ሊጠይቁኝ የነበረውን ነገር አላስታወሱትም።

ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ አያስልም፥ ዐይንም አያስለቅስም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ይታፈናል። ብዙ ሰዎች ከሰሉ ጥቁር ሆኖ ሲጨስ ነው እንጂ ከቀላ በኋላ ጉዳት የለውም ይላሉ፤ እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር። ይህ እውነት አይደለም። የቀላው ፍም ጢሱ አይታይ እንደ ሆነ ነው እንጂ መርዙን ማውጣቱን አይተውም። ዕጣንም ቢጨመርበት መርዙን አያጠፋውም፤ ይልቁንም ሰውየው መዓዛውን ሲያሸት የሚተነፍሰው አየር ንጹሕ ስለሚመስለው ይዘናጋል። ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽ፥ የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበትን ሰው ሎሚ ወይም ጤና አዳም በማሽተት ጊዜ ማጥፋት አይገባም። በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ ማውጣት፥ ከዚያም ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያም አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ ቢሆን ይኸው አደጋ አለበት። ስለዚህ ክፍሉን ማሞቅ የፈለገ ሰው ማንደጃውን ውጭ ያቆየውና የሞቀውን ውኃ ቀድሞ ወደ ባኞው ይጨምር፤ የውኃው እንፋሎት ራሱ ክፍሉን ያሞቀዋል። ከላይ ያለችውም ትንሽ መስኮት ጣት የምታሳልፍ ያህል ተከፍታ ትቆይ።

ስለ ሙሽሮችና ስለ አራሶች የሚደረገው የወይባ ጢስም በዚሁ ሒሳብ የሚታይ ነው። በወሎና በሰሜን የነበረው ልማድ ዛሬ በከተማችን የውበት ሳሎኖች ገብቷል። ሴቲቱ በጢሱ ላይ ተቀምጣ ከአንገቷ በታች በብርድ ልብስ ትሸፈናለች፤ ራሷ ግን ውጭ ይሆናል። ቆዳን ያለሰልሳል፥ መዓዛውም ለብዙ ቀን ይቈያል ይባላል፤ መዓዛው መቈየቱን እኔም መስክሬአለሁ። ነገር ግን ጢሱ የሚጨስበት ክፍል በሩ የተዘጋ እንደ ሆነ፥ እንኳን ለተቀመጠችው ለምታስተናግደውም ሴት አይበጅም።

እንግዲህ ውኃው ከተመጠነ፥ አየሩም ከተጠበቀ፥ ስለ መዓዛ እንነጋገር።

አገራችን በመዓዛ የታወቀች ናት። በትግራይና በጎንደር ቈላ፥ በመተማና በሑመራ በኩል የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ግንዱ እየተላጠ የሚደማው ሙጫ ከጥንት ጀምሮ ወደ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር። ከርቤም እንዲሁ። በመጽሐፈ አስቴር እንደምናነበው ወደ ፋርስ ንጉሥ ለሚገቡ ደናግል 1 ዓመት ሙሉ የገላ ዝግጅት ይደረግላቸው ነበር፤ የዓመቱም እኩሌታ በከርቤ ዘይት ነበረ። ከጅማና ከከፋ በኩል ደግሞ ከጥርኝ የሚወሰደው ዝባድ በቀንድ ታሽጎ ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል፤ የፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች በጥቂቱ እየቀላቀሉ የሽቶአቸውን መዓዛ ያቈዩበት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ተመሳሳዩን በብልቃጥ ስለ ሠሩት ገበያው ቀነሰ፤ ለጥርኞቹ ይህ መልካም ዜና ነው። ዝባድ ለባኞ አይሆንም፤ በባኞ ውስጥ ቢጨመር ቤቱን ለቆ መሄድ የሚገባው ባለቤቱ ነው።

ለባኞ የሚሆነው በየጓሮው ያለው ነው። ከሁሉ የምመርጠው ጠጅ ሣርን ነው። ሽታው እንደ ሎሚ የጠራ ነው፤ በጣሳ እንኳ ቢተከል ይበቅላል። አንድ እፍኝ ቅጠል ቈራርጦ በ2 ሊትር ውኃ ውስጥ ጨምሮ ግጣሙን ገጥሞ 10 ደቂቃ ያህል ማፍላት፥ ከዚያ በነጠላ ጨርቅ አጥልሎ ወደ ባኞው ማፍሰስ ነው። ግጣሙን መግጠም የሚያስፈልገው መዓዛው የሚተን ዘይት ስለ ሆነ ነው፤ ድስቱ ክፍት ከሆነ መዓዛው ለማድ ቤቱ ይሆናል፥ ለባኞው ውኃው ብቻ ይቀራል። ሳይጠለል ከነቅጠሉ የሚጨምሩ አሉ፤ ያማረ ቢመስልም በኋላ የፍሳሹን ቱቦ ይዘጋል።

አሪቲም መልካም ነው። በበዓል ዋዜማ በአዲሱ ገበያ ከቀጤማው ጋር እየታሰረ ይሸጣል፤ ከበዓሉ ማግስት የሚጣለውን እዚያው ለባኞ ማዋል ይቻላል። ሽታው ጠንከር ያለ ስለ ሆነ ሁለት ሦስት ዘለላ ይበቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል፥ ይልቁንም ለጋው፥ ጉንፋን ለያዘው ሰው አፍንጫን ይከፍታል። እንጦጦ ከበላያችን ሆኖ የባሕር ዛፍ ቅጠል መግዛት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ከሱቅ የሚገዛው የባሕር ዛፍ ዘይት እጅግ የጠነከረ ነውና ለሕፃናት አይደረግ፥ ልጆች በማይደርሱበትም ስፍራ ይቀመጥ፤ ቢጠጣ መርዝ ነው። ኮሰረትን አንዳንዶች ያመሰግኑታል። እኔ ግን ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያ ይቅርልኝ እላለሁ፤ ከባኞ የወጣ ሰው ክትፎ ክትፎ ሊሸት አይገባውም። አደስም ከለጋ ቅቤ ጋር ለጠጕር ነው እንጂ በባኞ ውስጥ ሲጨመር ዱቄቱ በገላ ላይ ይጣበቃል።

አጥብቄ የማስጠነቅቀው ስለ ጤና አዳም ነው። ይህ ተክል በቡና ላይ ጣል ሲደረግ የለመድነውና የምንወደው ስለ ሆነ ማንም ክፉ ነገር አይጠረጥረውም። ነገር ግን ጭማቂው በቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ቢመታው ቆዳውን እንደ እሳት ያቃጥለዋል። ወዲያው አይታወቅም፤ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ ይቀላል፥ ውኃ ይቋጥራል፥ ሲድንም ለወራት የሚቈይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ስለዚህ ጤና አዳምን ለገላ መታጠቢያ ማድረግ፥ ገላንም በእርሱ ማሸት አይገባም። የሎሚ ልጣጭና ጭማቂም ይህን የመሰለ ጠባይ አለው፤ ቆዳን ያጠራል እየተባለ በሎሚ ታሽተው ፀሐይ ላይ የሚቀመጡ ሴቶች ልጆች ምልክቱ ከየት እንደ መጣ ሳያውቁት ይቀራሉ።

እንዶድም የሚጠየቅ ነው፤ እናቶቻችን ሸማ ያጠቡበት ነበርና። አረፋው ሳሙናን የሚተካከል ነው። ሊቁ አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ ከዚያ ተነሥተው ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለመከላከል እንደሚረዳ ያሳዩበት ተክል ነው። ነገር ግን ይህ ራሱ እንዶድ የዋዛ ነገር እንዳይደለ ያስረዳል። ለልብስ እንጂ ሰው ለሚዘፈዘፍበት ውኃ አይሆንም፤ ዐይንንም ክፉኛ ያቃጥላል።

እነዚህን ተክሎች በመልካቸው ለይቶ ማወቅ የሚወድ ሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በኅብረት ያቋቋሙትን የጉለሌን የዕፅዋት ማእከል ይጐብኝ። ልጆችን ይዞ በእሑድ ለመሄድ የተመቸ ስፍራ ነው። እዚያ ያለው ለመታየት ነው እንጂ ለመቈረጥ አይደለም።

አሁን ወደ ሱቁ። አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ሳሙና ልጆችን ያስደስታል፤ ነገር ግን የቆዳን ተፈጥሮአዊ ቅባት አጥቦ ስለሚወስድ፥ ብዙ ጊዜ በውስጡ መዘፍዘፍ ቆዳን ያሳክካል፤ ለሴቶችና ለትንንሽ ሴቶች ልጆችም ይልቅ ይጎዳል። በውኃ ውስጥ ሲጣል የሚፈላው ክብ የሶዳና የሲትሪክ አሲድ ድብልቅ ነው። የሚታየው መፍላት ከለስላሳ መጠጥ አረፋ የተለየ አይደለም፤ ለዐይን ደስታ የሚገዛ ሰው ይግዛ፥ ለመድኃኒት ብሎ የሚገዛ ግን ገንዘቡን ይቈጥብ። ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለው ጨው በመጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ኤፕሶም ከምትባል ከተማ ምንጭ የወጣ ነው፤ የደከመ ጅማትን ያሳርፋል ተብሎ ይሸጣል። ጨው ያለበት ውኃ ደስ እንደሚል አልክድም፤ ጨው በቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል የሚባለው ግን በቂ ማስረጃ አልቀረበለትም። እኔ ዕረፍቱን የማገኘው ከሙቀቱ ይመስለኛል።

የሚተን ዘይት የሚባለው፥ ለምሳሌ የላቬንደር ወይም የጽጌረዳ፥ በትንሽ ጥቁር ጠርሙስ ይሸጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥታ በውኃው ላይ ማንጠባጠባቸው ነው። ዘይትና ውኃ አይዋደዱም፤ ጠብታው ሳይሟሟ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይቈይና ያው እንደ ጠነከረ ከገላ ላይ ይለጠፋል፥ ቀጭን ቆዳ ባለበትም ያቃጥላል። ከ4 ወይም ከ5 ጠብታ ያልበለጠ ወስዶ በ1 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ውስጥ መበጥበጥ፥ ከዚያም ሰውየው ሊገባ ሲል ወደ ውኃው መጨመር ነው። ቀድሞ ቢጨመር መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ዘይት የገባበት ባኞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሥሩ ላይ ፎጣ ማንጠፍ፥ ከወጡም በኋላ ለሚቀጥለው ሰው አጥቦ መተው ጨዋነት ነው።

አንድ ጊዜ «ጽጌረዳ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ያማረ ጠርሙስ ገዝቼ ለባለቤቴ ሰጠኋት። በማግሥቱ ክንዷና አንገቷ ሽፍ ብሎ ተነሣ። በጠርሙሱ ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት በመነጽር ሳነበው ከጽጌረዳ የተገኘ ነገር አንድ ስንኳ አልነበረበትም። የአውሮፓ መንግሥታት ኅብረት እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ2003 ባወጣው ሕግ፥ ቆዳ የሚያስቈጡ 26 የመዓዛ ቅመሞች መጠናቸው ከተወሰነው ካለፈ ስማቸው በዕቃው ላይ እንዲጻፍ አዝዟል። ሊናሉል፥ ሊሞኒን፥ ጄራኒዮል የሚሉትን ስሞች የምናነበው ከዚያ የተነሣ ነው። ስሞቹ መጻፋቸው መርዝ ናቸው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሽፍታ ያወጣብንን ስም ብናውቀው ሁለተኛ አንገዛውም። አዲስ ነገር የገዛ ሰው ጥቂቱን በክርኑ ውስጥ በኩል ቀብቶ 2 ቀን ይጠብቅ፤ ካላሳከከው ይጠቀምበት።

ጽጌረዳን ካነሣን፥ አገራችን ጽጌረዳ ወደ ውጭ የምትሸጥ ስለ ሆነች ከአበባ ሻጭ የተገዛውን ቅጠሉን በባኞ ላይ መበተን እየተለመደ ነው፤ ይልቁንም በሙሽሮች ቤት። ለገበያ የሚመረተው አበባ ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት የተረጨ ነው፤ ለማየት እንጂ ሰው ለሚዘፈዘፍበት ውኃ አልተዘጋጀም። በጓሮአችን ያለ፥ ምንም ያልተረጨበት እንደ ሆነ ግን ይሁን።

ነፍሰ ጡር ሴት፥ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ወራት፥ በጣም በሞቀ ውኃ መዘፍዘፍ የለባትም። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያድርገው። ከጠጅ ወይም ከአረቄ በኋላ ባኞ መግባት በውኃ ውስጥ እንቅልፍ መተኛት ነው። ለሕፃን 37 ዲግሪ ውኃ ያለ ምንም ሽቶ ይበቃዋል፤ ለአንድ ደቂቃ ስንኳ ብቻውን አይተው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ በብዙ ቤት ባኞ እንደሌለ፥ ቢኖርም ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ አልዘነጋሁም። አንድ ባኞ ለመሙላት 150 ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም ከ7 ጀሪካን በላይ ነው። ውኃ በ3 ቀን አንድ ጊዜ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማድረግ ቅንጦት ነው፥ እኛም ቤት በወር ሁለት ጊዜ አይበልጥም። በቀረው ጊዜ እግር ይበቃል። በሳፋ 10 ሊትር ውኃ፥ ይኸውም 3 ሊትር የፈላና 7 ሊትር ቀዝቃዛ፥ የአሪቲ ወይም የጠጅ ሣር ፍል ተጨምሮበት፥ እግርን እስከ ቍርጭምጭሚት ድረስ ነክሮ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ነው። ከላይ እንደ ተነገረው ደምን ወደ እግር የሚስበው ይኸው ስለ ሆነ ለእንቅልፍ ይረዳል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን እግሩ ሙቀትን ላይሰማው ይችላልና ሌላ ሰው ይለካለት።

እግር ማጠብ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ለእንግዶቹ አስቀድሞ ያቀረበው የእግር ውኃ ነው። በጸሎተ ሐሙስም ካህናት የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥቡ እናያለን። በልጅነቴ አባቴ ከመንገድ ሲገቡ እግራቸውን የማጥበው እኔ ነበርሁ፤ ውኃው ቢቀዘቅዝ ይቈጡ ነበር፥ ቢሞቅም ይቈጡ ነበር፤ ልኩን የተማርሁት ከእርሳቸው ቍጣ ነው።

ዛሬ በቤታችን የእናቴን እግር የሚያጥበው ትንሹ ልጄ ነው። ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ወደ ባኞ መግባት አይችሉም። ልጁ ክርኑን በሳፋው ውስጥ ነክሮ፥ «እማማ፥ ልኩ ነው፤ ይግቡ» ይላቸዋል። እርሳቸውም አሪቲውን በጣታቸው እያንቀሳቀሱ፥ «የሽቱው ጠርሙስ የት ሄደ?» ብለው በእኔ ይስቃሉ። ማንደጃው በረንዳ ላይ ነው፤ ጀበናው ተጥዶበታል። ዝናም ሲጥል ባለቤቴ ከበረንዳው ወደ ውስጥ ልታስገባው ስትነሣ እናቴ ከተቀመጡበት ሆነው በሩን ያያሉ፥ እርስዋም መልሳ ታስቀምጠዋለች።